የሙሄ ጎማና የሰርጉ እንቁላል

የለም፣ አልዋሸሁም። ጎማዬን አስተንፍሼ ነው ያሸነፍኩት። ደሴ ቁጭ ብላችሁ የሐርቡን ኮረኮንች ምን ታውቁታላችሁ?

እዚህ ኮምቦልቻ ሙሄ የሚባል ጓደኛ አለኝ። የቆመ ሳይክል ካየ ጎማውን በአውራ ጣቱ ሳይጫን አያልፍም። «ይሄማ ሽሮ ነው፣ ንፋው» ይላል። በናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም?

ሐርቡ ያሉት እትዬ ዘይነባ ለልጃቸው ሰርግ ከኮምቦልቻ እንቁላል እንድናመጣላቸው አዘዙን፤ እኔም ሠላሳ፣ እሱም ሠላሳ። «በደህና ያደረሰልኝ ከእንግዲህ እቃ አመላላሼ እሱ ነው» አሉ።

እንቁላሉን በካርቶን አድርገን ከየሳይክላችን ኋላ አሰርን። ሙሄ ጎማውን እንደ ድንጋይ ነፋው። እኔ በጣቴ ስጫነው ትንሽ ጎድጎድ እስኪል አስተነፈስኩት።

«ወላሂ ጎማው አልቆ በባዶ ቸርኬ ነው የምትደርሰው» ብሎ ሳቀብኝ።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር የሱ ሳይክል እንደ ፍየል ዘለለ፤ የኔ እንደ ሙሽራ በቅሎ ሰገረ። ቀድሞኝስ ደርሷል። እትዬ ዘይነባ ካርቶኑን ከፈቱና፣ «ሙሄ ልጄ፣ እንቁላሉን አምጣው አልኩህ እንጂ ምታው መች አልኩህ?» አሉት።

የኔ? አንድ ብቻ ተሰንጥቋል፤ እሱም ከዶሮዋ ነው። አሁን አመላላሹ ማነው? እኔ።

ካላመናችሁ ሐርቡ ወርዳችሁ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ። ሰው ቢዋሽ እንኳ የሙሄን የኋላ ጎማ ሲልሱ የዋሉት ውሾች አሉ።