የሞደሙ ልብስ

እኛ ቤት ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ራቁቱን አይውልም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ደርቧል፣ ፍሪጁ ከነእጀታው ለብሷል፣ ሪሞቱ ከተገዛ ጀምሮ ፌስታሉን አላወለቀም። አትሳቁ! የእናንተም ሶፋ ላስቲኩ ዛሬም እንዳልተነሳለት አውቃለሁ። የቤታችን ዕቃ አልባሽ አማቴ እማማ ብርቄ ናቸው። ከአርሲ ነገሌ አዳማ እኛ ጋ ሊኖሩ ሲመጡ የያዙት አንድ ሻንጣና አንድ ኪሮሽ ነው፤ ኪሮሹ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

ጉዱ የመጣው ኢንተርኔት ያስገባን ሰሞን ነው። ልጄ ሲፈን ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ አለቆቹ ውጭ አገር የሚኖሩ አንድ የዱከም ፋብሪካ «ሐሙስ ከሰዓት በቪዲዮ እናነጋግርሻለን» አላት። ሞደማችን ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንደ ፈረስ ይጋልብና፣ ከሰዓት የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን መጥበስ ስትጀምር ድርግም ይላል።

«አባዬ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ቀረብኝ!» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እኔ እያለሁ? በጭራሽ!

አንድ የሰፈራችን አዋቂ «የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ተጨናንቆ ነው፤ ቻናሉን ቀይረው» ብሎኝ ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል አይደል? ሞደሙን ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ መሀል አወጣሁት፣ ዳንቴሉን ገፈፍኩት፣ ሆዱ ላይ የተጻፈችውን ደቃቃ የይለፍ ቃል በመከራ አንብቤ ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። ከአንድ ወደ ስድስት ቀየርኩ። ሠራ! ደረቴን ነፍቼ ስንጎራደድ ቆይቼ ብመለስ ጠፍቷል። ስድስትን ረግሜ አስራ አንድ አደረግኩት። ሠራ! ደግሞ ጠፋ። በነካሁት ቁጥር ይሠራል፣ ዘወር ባልኩ ቁጥር ይሞታል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስንተናነቅ ከረምን፤ ሚስቴ እንኳ «ከሞደሙ ጋር ተጋባ» እስክትለኝ ድረስ።

ሐሙስ ደረሰ። ሲፈን የክት ልብሷን ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሰዓቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ድርግም! ሮጬ ቡፌውን ከፍቼ እጄን ብሰድ፣ ሞደሙ ፈጀኝ። ዳንቴሉን እስከ አንገቱ ተከናንቦ፣ በመስታወት ተዘግቶበት፣ በዚያ ሙቀት።

«ማነው ያለበሰው?» ብዬ ጮኽኩ።

«እኔ ነኛ!» አሉ እማማ ብርቄ፣ ኮራ ብለው። «አንተ በነካካኸው ቁጥር ከቡፌው አውጥተህ ራቁቱን ጥለኸው ትሄዳለህ። አቧራ ይጠጣ?»

ለካ ሲያሠራው የከረመው ቻናሉ ሳይሆን፣ ለይለፍ ቃሉ ስል ልብ ሳልል በገፈፍኩት ቁጥር መራቆቱ ኖሯል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለሞደምም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የውጭ አገር አለቆች አላዩም። ልጄ ከላይ በእንግሊዝኛ ስትመልስ፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ፣ ተገፍፎ ነፍስ የዘራውን ሞደም በሰፌድ አራግብ ነበር። እማማ ብርቄ በሩ ጋ ቆመው፣ ዳንቴሉን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይጸልያሉ። ቃለ መጠይቁ አንዲት ቃል ሳትቆረጥ አለቀ።

ሲፈን ተቀጠረች። ምስጋናውን ጸሎቱ ወሰደው፤ ይውሰደው። እኔ ግን «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሞደም አይለብስም!» ብዬ አወጅኩ። እማማ ብርቄ ኪሮሻቸውን አነሱ።

ልጄ ሥራ በጀመረች ሰሞን አዲስ ዳንቴል ይዘው አጠገቤ መጡ።

«ማሎ ልጄ፣ በሞቴ እስቲ እየው» አሉኝ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው። «ቀዳዳውን ሰፋ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ይተነፍስበታል።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ተቀበልኳቸውና በገዛ እጄ አለበስኩት።