ሊቀ መንገድ እና ሁለቱ ሃምሳ ሰባት

ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መንገድ አዋቂ መድቧል። እናንተ ቤት ከሌለ ቶሎ አትደሰቱ፤ ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ። ይህ ሰው መሪ አይጨብጥም፤ መሪ የጨበጠውን ሰው ነው የሚጨብጠው። ከጎን ይቀመጣል፣ ቀበቶውን ያስራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪናው የእናንተ አይደለም። “ግራህን ያዝ።” “እዚህ ጋ ቀንስ።” “አሁን ደግሞ ለምን ቀነስክ?”

የእኛ ቤቱ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከእኛ ከተማ እስከ ትልቁ ከተማ ያለውን መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ሠላሳ አንድ ዓመት ተመላልሶበት ጡረታ ወጣ። ዓይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃዱን አላደሱለትም፤ ምላሱን ግን ማንም አልመረመረውም። ፊት ለፊት “ጋሼ” እለዋለሁ። ከኋላው ሊቀ መንገድ ነው።

ያ መንገድ ወደ ፈጣን መንገድ ያድጋል ተብሎ ሲቆፈር፣ ሲደፈን፣ ደግሞ ሲቆፈር ስድስት ዓመት ፈጀ። ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራ በላን። ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ይዞ መኪና የሚያሳልፈውን ሰውዬ ከገዛ ወንድሞቼ ይልቅ አዘውትሬ አየሁት፤ ሲያገባም ሰማሁ፣ ሲወልድም ሰማሁ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ተራ ስጠብቅ ሊቀ መንገድ ይወርዳል፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ ሥራውን ይጎበኛል። አንድ ቀን መሐንዲሱን ጠርቶ፣ “ይሄ የውሃ መውረጃ ጠቧል” አለው።

“አባት፣ እባክዎ ከመስመሩ ውጪ ይቁሙ” አለ መሐንዲሱ።

በክረምቱ ውሃው መውረጃውን ንቆ በመንገዱ ላይ ሄደ። ሊቀ መንገድ ሳምንቱን ሙሉ ፈገግ ብሎ ሰነበተ። ጭቃ ውስጥ ሦስት ሰዓት የቆምኩት ግን እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተ። እፎይ ልል ስል የድንጋዩ ጉዳይ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሐል ያለችውን የገበያ ከተማ ላለማቋረጥ በዙሪያዋ ማለፊያ መንገድ ተሠራላት። አሮጌው መንገድ በከተማዋ ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ማለፊያው ዞሮ ዞሮ ሃያ ነው፤ ግን ጋሪ የለበት፣ መብራት የለበት፣ ያስበርራል። ማለፊያው ዳር አዳዲስ የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ሲተከሉ ከአርባ ሁለት ተነስተው እስከ ስልሳ አንድ ተቆጠሩ። ማለፊያው አልቆ ከአሮጌው መንገድ ሲገናኝ ግን የድሮዎቹን ድንጋዮች የነካቸው የለም። ስለዚህ ከስልሳ አንድ ቀጥሎ ሃምሳ አንድ ይመጣል። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ ሦስት። እንደገና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

ሊቀ መንገድ መጀመሪያ ያየው ቀን መኪናውን አስቆመኝ። ወርዶ ድንጋዩን ዞረው። በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ተመልሶ ገብቶ፣ ሐኪም መርዶ እንደሚናገር ሁሉ፣ “ይሄ ድንጋይ ይዋሻል” አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለፍን ቁጥር ቁጥራቸው የተደገመውን አሥራ አንዱንም ይከሳቸዋል። ሃምሳ አንድ፤ “ይዋሻል።” ሃምሳ ሁለት፤ “ይዋሻል።” ስንሄድ አሥራ አንድ፣ ስንመለስ አሥራ አንድ። መንገድ መሥሪያ ቤቱ ጋ ስድስት ጊዜ ደውሏል። ስልክ የምታነሳው ሴትዮ “ሥራው በሂደት ላይ ነው ጋሼ” ትለዋለች፤ ድምፁን ለይታለች።

“ታገሠው፤ ወንድሜ ነው” ትላለች ባለቤቴ።

“እሱስ ወንድምሽ ነው። ድንጋዮቹ ለእኔ ምኔ ናቸው?”

እንዲህ ደክሞኝ ሳለ ነው የእማማ የዓይን ቀጠሮ የደረሰው። እማማ የባለቤቴና የሊቀ መንገድ እናት ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ሰው የሚለዩት በሳሉ ነው። በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሰባት ወር ወረፋ ጠብቀን አንደኛው ዓይናቸው ረቡዕ ሊሠራ ሆነ። ወረቀቱ ላይ “አራት ሰዓት ላይ ያልተገኘ ታካሚ አዲስ ወረፋ ይይዛል” ይላል። ሌላ ሰባት ወር ማለት ነው።

ሊቀ መንገድን ይዤ ስንት ጊዜ እንደምቆም አሰብኩ። ድልድይ አለ፣ ውሃ መውረጃ አለ፣ አሥራ አንድ ተከሳሾች አሉ። እናም ዋሸሁት። “ቀጠሮው ሐሙስ ነው ጋሼ” አልኩት። ባለቤቴ ሰምታ ፊቷን አዞረች፤ ግን እሷም ደክሟት ነበር መሰለኝ፣ አላረመችኝም።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ፣ ባለቤቴና እማማ ወጣን። መኪናው ውስጥ ጸጥታ! እንዲህ ያለ ጸጥታ ከሠርጌ በፊት ነው ያየሁት። 

“ልጄ የለም እንዴ?” አሉ እማማ ከኋላ።

“ሥራ አለበት እማማ።”

“ጡረታ ወጥቶ?”

ይህን እንዳሉ ከሞተሩ ክዳን ስር እንፋሎት ቡን አለ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከጎኔ ድንጋይ አለ፤ ሃምሳ ሰባት ይላል። የእርዳታ ስልኩ ላይ ደወልኩና፣ “ሃምሳ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ” አልኩ፤ እንደ ሊቀ መንገድ ልቅም አድርጌ። የመኪና ማንሻ ተላከልኝ። ከትልቁ ከተማ በኩል ነው የሚመጣው።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ስልኬ ጮኸ፤ የማንሻው ሹፌር ነው።

“ጌታዬ፣ የት ነዎት?”

“ሃምሳ ሰባት።”

“እኔም ሃምሳ ሰባት ነኝ።”

ግራ ቀኝ አየሁ። “አትታይም” አልኩት።

“እርስዎም አይታዩም። እስቲ እጅዎን ያውለብልቡ።”

አውለበለብኩ። እማማ ምንም ሳያዩ አብረውኝ አውለበለቡ።

“ሰውዬ፣ በማለዳ የሚቀልዱበት ሰው አጡ?” አለና ዘጋው። መልሼ ብደውል አያነሳም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

“ደውልለት” አለችኝ ባለቤቴ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

“አንቺ ደውዪ።”

“የዋሸኸው አንተ ነህ።”

ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

“ጋሼ…”

“ዛሬ ረቡዕ ነው” አለ።

“አዎ።”

“እናቴን ይዘህ ወጥተሃል።”

“አዎ ጋሼ። መኪናው ተበላሸ፤ የማንሻው ሹፌር ደርሻለሁ ይላል፣ ግን አይታይም።”

ዝም አለ። ለዓመታት ዝም እንዲል የለመንኩት ሰው ዝም ሲል እንዴት እንደሚከብድ ያኔ አወቅኩ።

“የት ናችሁ?”

“ሃምሳ ሰባት።”

“የትኛው?”

ዞር ብዬ ድንጋዩን አየሁት። አሥራ አንድ ጊዜ ሲሄድ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሲመለስ የነገረኝ ነገር ጆሮዬ የገባው አሁን ነው።

“ምን ይታይሃል?” አለኝ።

“ድንጋይ።”

“ድንጋዩን ተወው አንተ ሰው! በግራህ?”

“የጡብ ፋብሪካ። ጭስ ማውጫው።”

“ከፊትህስ?”

“ድልድይ። አንድ ጎኑ ብቻ ቀለም የተቀባ።”

“ቀለሙ አልቆባቸው ነው፤ ነግሬያቸው ነበር። አንተ እውነተኛው ላይ ነህ። ሹፌሩ ውሸታሙ ላይ ነው። መሐላችሁ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የሹፌሩን ስልክ ቁጥር ላክልኝ።” ከዚያ ሊዘጋው ሲል፣ “ድንጋይም ይዋሻል፣ የእህቴ ባልም ይዋሻል” አለ። “ድንጋዩን ግን ማንም ምሳ ጋብዞት አያውቅም።”

ለሹፌሩ ምን እንዳለው አላውቅም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማንሻው አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ የወረደው ስልኩን እንደ ሰነድ ከፍ አድርጎ ይዞ ነው።

“እኚህ ሰውዬ አለቃችሁ ናቸው?”

“የባለቤቴ ወንድም ነው።”

“ከማለፊያው ስልሳ አንድ በታች ለጥገና ሠራተኞች የተተወ መዞሪያ አለ አሉኝ። ሁለት ዓመት እዚህ ስሠራ አላውቀውም!”

መኪናችን ማንሻው ጀርባ ላይ ወጣች፤ እማማ ሹፌሩ አጠገብ እንደ ሙሽራ ተቀመጡ፤ እኔና ባለቤቴ ከኋላ ተጠቀጠቅን። ስልኩ ድምፁ ተለቆ መሪው አጠገብ ተቀምጧል። “ግራህን ያዝ። እዚህ ጋ ቀንስ” ይላል ስልኩ። ሹፌሩ፣ አርባ ቶን የሚያነሳ ሰው፣ ይቀንሳል። “አሁን ደግሞ ለምን ቀነስክ?” ይላል ስልኩ። ከኋላ ሆኜ ሳቄን ዋጥኩት።

ለአራት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን። ዘበኛው፣ “ማንሻ እዚህ አይገባም” አለ። “በሽተኛ ነው የጫንኩት” አለው ሹፌሩ። ዘበኛው ቀና ብሎ ጀርባ ላይ ያለችውን መኪና አየና፣ “ያስታውቃል” ብሎ ከፈተ።

ሊቀ መንገድ ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ መጣ። እኔ ቀጠሮው ነው ባልኩት ቀን፣ ልክ በሰዓቱ። ስለ ውሸቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የሆስፒታሉ መግቢያ በየት በኩል መሆን እንደነበረበት ብቻ ለዘበኛው አስረዳው።

ዓርብ ፋሻው ተፈትቶ ወደ ቤት ተመለስን። ከጎኔ ያለውን በር ራሴ ከፈትኩለት። እማማ ከኋላ በአንድ ዓይናቸው ዓለምን እየሰበሰቡ ነው። “ዛፍ!” ይላሉ። “ፀጉርህ ሸብቷል እንዴ አንተ!” ይሉኛል። ቀጥለው የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን ያዙ። ወደ ቤት ስለሆንን ቁጥሩ እየወረደ ነው።

“ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አንድ።” ሳቃቸው መኪናውን ሞላው። ከዚያ ድንገት ቆመ። “ስልሳ አንድ…” አሉ ቀስ ብለው። እጃቸው ወደ ዓይናቸው ሄደ። “ወይኔ ልጆቼ። አልዳነም።”

ወደ ጎን አየሁ። ሊቀ መንገድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው። እየጠበቀኝ ነው።

“ዓይንዎ ድኗል እማማ” አልኩ። “ድንጋዩ ነው። ይዋሻል።”

የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። በነጋታው መንገድ መሥሪያ ቤቱ ጋ ራሴ ደወልኩ። ስለ ድንጋዮቹ ገና ስጀምር ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች።

“እናንተ ደግሞ ስንት ናችሁ?” አለችኝ።

“ሁለት” አልኳት። “እንደ ሃምሳ ሰባት።”