አባቴ ሱፐርቻርጀር ሲገባላቸው

ትናንት ሌሊት ሕልሜ ሁሉ ተገልብጦ አደረ፤ ተናድጄ ስለተኛሁ ነው መሰለኝ። ያናደዱኝ አባቴ ናቸው። አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ በደሴ መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አሁን ሳንባቸው ደክሞ እኔ ጋ ገብተዋል። ሐኪሙ ሳንባቸው እንዳይኮማተር በየቀኑ ፊኛ ይንፉ ብሎ አዘዘ። እሳቸው ግን ያን ሁሉ አቀበት የወጣ ሰው የልደት ፊኛ አይነፋም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ ወይ ፍንክች። ትንፋሻቸው ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እያጠረ ነው። ፊኛዎቹን ራስጌያቸው ላይ ጣል አድርጌ፣ አጠገባቸው ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ።

ወዲያው ደብረ ሲና ገበያ መሀል ቆሜያለሁ። ቆሎ ሻጮቹ አውቶቡስ ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ተሳፋሪዎቹ በየመስኮቱ ሥር እየሮጡ፣ ኧረ በናታችሁ ብራችንን ውሰዱልን እያሉ ይለምኗቸዋል። ከዚያ ሕዝብ መሀል አባባ ብቅ አሉ። ደርባባን እሽኮኮ ብለዋታል። ደርባባ ማለት ኤንትሬያቸው ናት፤ እኔ ሳልወለድ ነው ስም ያወጡላት። የአባባን የቆዳ ጃኬት ለብሳ፣ ኮፍያቸውን ገልብጣ ደፍታ፣ ጆሯቸውን እንደ መሪ ይዛ ትነዳቸዋለች።

"ዘርፌ፣ ይሳፈሩ እንጂ" አሉኝ አባባ።

አንቱ አሉኝ! ለካ በዚያ አገር ወላጅ ልጁን አንቱ ይላል፤ አንተ የሚለው ልጅ ነው። ምድር ዋጪኝ እያልኩ "እሺ፣ አንተ ካልክ" ብዬ ትከሻቸው ላይ ወጣሁ።

የጣርማ በርን አቀበት ተያያዝነው። ያንን መንገድ ልጅ ሆኜ ከጎናቸው ተቀምጬ ስንቴ ወጥቼዋለሁ። ደርባባ ጥቁር ጭስ እየተፋች ስታቃስት፣ አባባ ዳሽቦርዷን መታ መታ አድርገው፣ አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አንድ ቀን ሱፐርቻርጀር አስገባልሻለሁ ይሏታል። በሄድን ቁጥር ይሏታል፤ አንድም ቀን አላስገቡላትም። አናቱ ላይ፣ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ዋሻ አፍ ስንደርስ ግን ጥሩምባዋን ረዘም አድርገው ይነፋሉ፤ እኔም ጆሮዬን ይዤ እስቃለሁ። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

በሕልሜ ግን መታጠፊያው ላይ አባባን ሳል ያዛቸውና ከአፋቸው ጥቁር ጭስ ተትጎለጎለ። እንደ ደርባባ አቃስተው ቆሙ። የትራፊክ ኮፍያ ያደረገ ጭላዳ ዝንጀሮ መጣና ፊሽካውን ወደ ውስጥ ነፋ። ደረታቸውን አንኳኩቶ፣ ይኼ ሳንባ ቦሎ የለውም አለ። ወይ ዋሻውን ያልፋል፣ ወይ እዚሁ ተፈታትቶ ለመለዋወጫ ይሸጣል።

ናፍጣ አንሷቸው ይሆን ብዬ ደርባባን ጠየቅኳት።

"ናፍጣማ ሞልቶታል" ብላ ሳቀችብኝ። "እንዲህ የሚያጨሰው የሚያቃጥልበት አየር አጥቶ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቷል።"

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ሱፐርቻርጀር አየሩን እየጠቀጠቀ ሞተር ውስጥ የሚከት ነፊ ነው። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍጣ በደንብ ይቃጠላል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ነፊውን የሚያዞረው ደግሞ ሞተሩ ራሱ ነው፣ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ። ስለዚህ ከሞተሩ ጉልበት ትንሽ ይበላል፤ ግን ከበላው አብልጦ ይመልሳል። ታዲያ ነፊ ከየት ላምጣላቸው አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"ከሱ ጉልበት አንቺን ያህል የበላ ማን አለ?"

እውነቷን ነው። ከትከሻቸው ወርጄ፣ ቺንጋ ስላልነበረን መቀነቴን ፈትቼ የሳቸውንና የኔን ወገብ አዙሬ ቋጠርኩት። አንድ እርምጃ ሲራመዱ እኔ እንደ እንዝርት ሾርኩ። የጣርማ በርን ጉም በጉንጬ እየሞላሁ በጀርባቸው በኩል ሳንባቸው ውስጥ ነፋሁ። ጭሱ ጠፋ። ሽቅብ በረርን፤ ጭላዳው ኮፍያውን ጥሎ ገደል ገደሉን ተከተለን።

ዋሻው አፍ ስንደርስ ቀድሞን ተገትሯል። ጥሩምባ ያልነፋ አያልፍም አለ። አባባ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ ያው የለመድኩት እልህ። ጭላዳው መፍቻውን አወጣ። ያኔ ምርር አለኝና ጮህኩ።

"ንፋ! አባባ፣ ንፋ በለው!"

ዞረው አዩኝ፣ ደረታቸውን ሞሉ፣ ከዚያ አንድ ነገር ድው ብሎ ፈነዳ።

በርግጌ ተነሳሁ። ነግቷል። አባባ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ያለከልካሉ፤ ከንፈራቸው ላይ የቀይ ፊኛ ቁራጭ ተለጥፏል። ተቆጥተዋል።

"ሌሊቱን ሙሉ ንፋ፣ ንፋ ስትዪኝ አደርሽ። ይኸው ነፋሁ። አባትን አንተ ማለት ግን ከማን ተማርሽው?"

እሳቸው ከራስጌያቸው ሌላ ፊኛ አነሱ፣ አፋቸው ጋ አደረሱና ቆም አሉ።

"በይ፣ ይኼኛውን በአንቱ እዘዢኝ።"