አስመራና ምጽዋ ሽማግሌ የላኩ ዕለት

ጋሽ ምትኩ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አዩ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይሉ ነበር እናታቸው። እሳቸው ግን ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ያደሩ ናቸውና እንቅልፉ ቀን ነው ማታ ነው ብሎ አልጠየቃቸውም። የድንበሩ ኬላ ፊት በቆመው አውቶቡስ ውስጥ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ድብን ብለው ተኙ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ፀዳለ፣ አስመራ ላለች እህቷ በርበሬ የምትወስድ ሴት ናት። ከዓዲግራት ጀምሮ ቆሎ እያቀመሰች "አባባ" ስትላቸው ነው የመጣችው፤ ስማቸውን አልጠየቀችም፣ እሳቸውም አልነገሯትም።

ሕልሙን ከማውራት በፊት ያመጣውን ነገር ማውራት ይሻላል። ጋሽ ምትኩ በጎልማሳነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ ክሬን ይነዱ ነበር። እዚያው ብርኽቲ የምትባል ሴት አግብተው ሰናይትን ወለዱ። ጦርነቱ ወደቡ ድረስ በገባ ጊዜ እሳቸው በመጨረሻዋ መርከብ ወጡ፤ እናትና ልጅ ቀሩ። ሰናይት ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ።

የድንበሩ መንገድ የተከፈተ ሰሞን ሁለት ወሬ መጣላቸው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ "ብርኽቲን ነፍሷን ይማር፤ ልጅዎ ግን አስመራ አስተማሪ ሆናለች" አላቸው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ፣ "ኧረ ምጽዋ ናት! በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ እዚያው የድሮው ቤታችሁ ናት" ብሎ ማለ። ጋሽ ምትኩም አስመራ ልሂድ ምጽዋ ልሂድ እያሉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከረሙ። አዲስ አበባ ያሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ በመጨረሻ ታከታቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱ ከተሞች እኮ የግማሽ ቀን መንገድ ናቸው! አንዱ ጋ ብታጣት ወደ ሌላው መውረድ ነው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላሉ እሳቸው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ሰናይት አስመራ ካለች ያለ አባት ተምራ፣ ያለ አባት ለወግ ለማዕረግ በቅታለች፤ ረስታቸዋለች ማለት ነው። ምጽዋ ካለች ደግሞ ጥለዋት በወጡበት ቤት እስካሁን ትጠብቃለች። ከሁለቱ የቱ እንደሚከፋ አላወቁም። ፈሩ። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነበር።

በመጨረሻ ወይዘሮ ብዙነሽ ሻንጣውን ራሳቸው አዘጋጅተው ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። ጋሽ ምትኩም ለነጋዴውም ለሾፌሩም አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ፤ "ለሰናይት ንገሩልኝ፣ ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ አባትሽ ይመጣል በሏት።" ወዴት እንደሚመጡ አልተናገሩም። የት ያውቁትና!

በሕልማቸው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ አስመራ ራሷ ቆማለች። መንገዶቿን እንደ ፍራሽ ጠቅልላ ተሸክማለች፤ ዘንባባዎቿ የሰፈሩ የመብራት ሽቦ እንዳይዛቸው አጎንብሰዋል። በዚያ ዓለም ሰው አይጓዝም ነበር፤ ከተማ ነው ተነሥቶ ወደ ሰው የሚሄደው። ታክሲዎቹ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። የኬላው ሹምም ማኅተሙን ለጋሽ ምትኩ አስረክቦ ራሱ ሰልፍ ያዘ።

"ስም?" አሉ ጋሽ ምትኩ።

"አስመራ።"

"ሥራ?"

"ከተማ።"

"ስንት ቀን ይቆያሉ?"

"እርስዎ እስኪመርጡ።"

ማኅተሙን መቱላት። ሽማግሌዎቹን፣ "ግቡ፣ ኖር፣ ተቀመጡ" አሉ። ገቡ እንጂ አልተቀመጡም።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም" አለ ታላቁ።

ወጉ ነው። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ይቆማል። ጋሽ ምትኩ ግን ለሰናይት ሽማግሌ ተቀብለው አያውቁም፤ ታግባ አታግባ፣ ማን እንደዳራትም አያውቁም። 

"ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት?"

"የለም" አለ ሽማግሌው፤ "ልጅቷስ እኛ ዘንድ አለች። እኛ የመጣነው አባቷን ልንጠይቅ ነው።"

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ምጽዋ ውሃ እያንጠባጠበች ገባች፤ ምንጣፉ ራሰ። የእሷም ሦስት ሽማግሌዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ቆሙ። የወደቡ ክሬኖች እንደ ግመል እየተንበረከኩ በበሩ አለፉ። ባሕሩ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ጠምቶት ጀሪካን ይዞ ሰፈር ቦኖ ላይ ተሰልፏል። ጋሽ ምትኩ ዱሮ ይነዱት የነበረው ክሬን አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አያቸው።

"አለቃ፣ አረጁ" አላቸው። "ዛሬ እኔ ነኝ የማነሣዎት።"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጋሽ ምትኩ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ሁለታችሁም ልጅቷ እኛ ዘንድ ናት ካላችሁ ምልክት ንገሩኛ! ግራ ጉልበቷ ላይ ምን አላት?"

"ጠባሳ" አለ የአስመራው።

"ጠባሳ" አለ የምጽዋው። "እርስዎ ትከሻ ላይ ሆና ስትወድቅ ያገኘችው።"

"ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?"

"የትኛዋን ልጅ ይፈልጋሉ?" አለ የአስመራው። "የረሳችዎትን?"

"ወይስ የምትጠብቅዎትን?" አለ የምጽዋው።

ጋሽ ምትኩ አላባቸው። እንደ ሙሽራ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ ዘመድ ላማክር፤ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ወዲያው ተመለሱ፤ አሥራ አምስት ቀኑ አልፎ ነበር። ጢማቸው ጠቁሯል። "የዛሬ አሥራ አምስት ቀን" አሉ ጋሽ ምትኩ ደግመው። እነዚያም ወጥተው ተመለሱ፤ ጢም የላቸውም። እሳቸው ቀጠሮ በሰጡ ቁጥር ሽማግሌዎቹ በዕድሜ እያነሱ፣ ልብሳቸው እየሰፋቸው መጡ። አንዳቸውም ግን አልተቀመጡም።

የሚያማክሩት ዘመድ ፍለጋ በጓሮ በር ሾልከው ወጡ። መንገዱ ዳር ባለው የመብራት እንጨት ሁሉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ ዓለም የጠፉት ናቸው ፈላጊዎቻቸውን የሚፈልጉት። ጋሽ ምትኩ ጠጋ ብለው ሲያዩ የራሳቸው ጎልማሳ ፊት ነው፤ ከሥሩ ፊደል ገና በሚለማመድ ሕፃን እጅ ተጽፏል፤ "የጠፋ ሰው። ስሙ ምትኩ። ክሬን ነጂ። መርከብ ላይ ሲወጣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ያየ ይንገረኝ፤ ያለበት ድረስ እመጣለሁ።" አድራሻ የለውም። ወረቀቱን ሊገነጥሉ ቢሞክሩ ከእንጨቱ አልላቀቅ አለ። እንባቸው መጣ።

እየሮጡ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ስድስቱም የአምስት ዓመት ልጆች ሆነዋል፤ ነጭ ልብሳቸው መሬት ይጎትታል፣ ከመቆም ብዛት እግራቸው ይንቀጠቀጣል።

"ተቀመጡ!" ብለው ጮኹ ጋሽ ምትኩ። "ደክሟችኋል፣ ተቀመጡ!"

ከመካከላቸው አንዷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ግራ ጉልበቷን አሳየቻቸው። "አባዬ፣ የቱን መረጥክ?"

አፋቸውን ከፈቱ። አውቶቡሱ ጉድጓድ ገብቶ ዘለለና ጭንቅላታቸው ከመስኮቱ ተላተመ።

"አስመራ ነው ምጽዋ?" አሉ ገና ዓይናቸውን በወጉ ሳይገልጡ።

"ወደ ዓዲግራት ነው አባባ" አለች ፀዳለ። "ኬላው ተዘጋ። የወዲያው ሰው ወዲያ፣ የወዲህ ሰው ወዲህ ተባለና ተመለስን። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። በርበሬዬን ታቅፌ ቀረሁልዎት!"

ጋሽ ምትኩ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነው ተቀመጡ። ፀዳለ ቆሎዋን ዘረጋችላቸው፤ አልወሰዱም።

"እርስዎ ተኝተው አመለጠዎት እንጂ" አለች፤ "ሊዘጋ ሲል አንዲት ሴት ከወዲያ በእግሯ ተሻግራ መጣች። በየአውቶቡሱ እየገባች 'ምትኩ የሚባል ክሬን ነጂ አለ?' ትላለች። 'አባቴ ወደ አስመራ ይሁን ወደ ምጽዋ የሚመጣው አላወቅሁም፤ ወዴትም ቢሄድ ግን በዚህ ማለፉ አይቀርም' ስትል አንጀቴን በላችው። እርስ በርስ ተያየንና የለም አልናት። እርስዎንም ልቀሰቅስ ብዬ ነበር፤ በእንቅልፍ ልብዎ ሲያወሩ አሳዘኑኝ። ደግሞስ እርስዎን ክሬን ነጂ ማን ብሎ!"

ጋሽ ምትኩ ክንዷን ያዙ። "ከየት ነው የመጣሁት አለች?" አሉ። "ከየትኛው ከተማ?"

"እሱንስ አልጠየቅናትም። ብቻ ተቀመጪ እንጂ ብላት 'ሳላገኘው አልቀመጥም' ብላ እዚህ፣ አጠገብዎ ቆማ ቆየች። ፖሊስ መጥቶ ነው የመለሳት።"

"አቁም!" አሉ ጋሽ ምትኩ ሾፌሩን። "አውርደኝ!"

"አባቴ፣ ከኬላው ከራቅን ግማሽ ሰዓት አልፎናል" አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያቸው። "ቢመለሱስ ማን ያስጠጋዎታል?"

ጋሽ ምትኩ ተነሥተው መተላለፊያው ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

"ኧረ ይቀመጡ አባባ፣ መንገዱ ይጥልዎታል" አለች ፀዳለ። "ለመሆኑ ስምዎን ማን ልበል?"

 እስከ ዓዲግራት ድረስ አልተቀመጡም።