የሦስተኛው መስኮት ውዳሴ

ስሙን መጥራት ድፍረት የሚሆንብኝ አንድ ቢሮ እዚህ ጅቡቲ አለ። ለሦስተኛ መስኮቱ እስከ ዛሬ ሐውልት አለመቆሙ ለእኛ ለባለጉዳዮቹ ነውር ነው። በሰዓቱ የሚከፈት መስኮት ምን ይረባል? ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ሥራው ይበተናል። የእኛው ግን አንድ ቀን በሦስት ሰዓት፣ ሌላ ቀን በአምስት ተኩል ይከፈታል፤ ሦስት ቀን ዝግ ሆኖም ይውላል። ሲከፈትም አንድ ሰው አስተናግዶ ይዘጋል። ስለዚህ ሽንት ቤት እንኳ ሳንሄድ በዲሲፕሊን ቆመን እንውላለን።

ሳይንስም አለን። የካርቲየ 1 ሰፈር ነጋዴ ሐጂ ሙሕሲን አንድ ቀን ራሳቸውን ለማከክ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ መስኮቱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በሐምሌ ፀሐይ ባዶ ራሳችንን እንቆማለን። "ካልተከፈተሳ?" ብሎ የጠየቀ ሰው፣ "ከልብህ አላወለቅህም" ተባለ።

"የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል" ይባላል። ሐጂ ግን ወልደዋል፤ አሁን የጨነቃቸው መዳሩ ነው። የአንድ ልጃቸው የሱሪያ ኒካሕ ዓርብ ድሬዳዋ ይታሰራል፤ ባቡሩ ሐሙስ ጠዋት ከናጋድ ጣቢያ ይነሳል። ይህ መስኮት የሚሰጠውን የጉዞ ወረቀት ሳይዙ ደግሞ አይሳፈሩም።

ረቡዕ ከውሰር የምትባል፣ ሰልፍ ያላስተማራት ልጅ መጣች። ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

"ሐጂ፣ በሩ እኮ ክፍት ነው። ሰውዬው ብቻውን ሻይ እየጠጣ ነው።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማን ከለከለኝ?"

ሐጂ ከሰልፉ ወጡ። ደነገጥን። እጃቸው የበሩን እጀታ ሲነካ መስኮቱ ተከፈተ፤ አንድ ሰው ተስተናገደና ተዘጋ።

"አየሽ?" አሏት ወደ ቦታቸው እየተመለሱ። "ኮፍያዬን ስላወለቅሁ ነው። አሁን ከፊቴ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።"

ሐሙስ መስኮቱ ሳይከፈት ባቡሩ ሄደ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነው፤ ምን ይታወቃል ብለን ግን ቆመናል። የሐጂ ስልክ ጮኸ። ሱሪያ ናት።

"አባ፣ ቃዲው መጥቷል። የት ደረስክ?"

"ደርሻለሁ ልጄ፤ ከፊቴ አንድ ሰው ነው ያለው" አሉ።

ያ ሰው እኔ ነኝ። ወረቀቴን ካገኘሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ግን እዚህ ድረስ ደርሼ ተራዬን እንዴት ትቼ ልሂድ?