ግድግዳ የያዘ ደም

አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ለመሆን ዓመታት መማር አያስፈልግም። «ብርድ ነው» ማለት ከቻላችሁ በቃ፣ ሥራ ጀምራችኋል። ወገባችሁን ከያዛችሁ ብርድ ነው፤ ሆዳችሁን ከቆረጣችሁ ብርድ ነው፤ ፍቅረኛችሁ ጥላችሁ ሄዳ ትራስ ላይ ተደፍታችሁ ብትገኙ እንኳ አንድ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ «መስኮቱን ዝጉለት» ማለቱ አይቀርም። እኔ ራሴ ስንቱን በነጻ መርምሬ ሸኝቻለሁ።

ኦሞድ ከጋምቤላ መጥቶ ካዛንቺስ እኛ ግቢ የተከራየ ጀለሴ ነው። ደምበል አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። እግሩንና ደረቱን ባመመው ቁጥር «የደም በሽታ ነው፣ አብሮኝ የተወለደ» ይለን ነበር። እኛ ደግሞ፣ ቆላ ተወልዶ ደጋ የገባ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ ምን ያውቃል? ብርድ ነው አልነው።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ደብድቦት ገባና አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ያቃስት ጀመር። አከራያችን እትዬ አስካለ ቅባት ይዘው ደረሱ። እኔም ወጌሻ ልጠራ ስነሳ ኦሞድ እጄን ያዘኝ።

«ማንም እግሬን እንዳይጎትት! ሐኪም ቤት ውሰደኝ።»

«ለብርድ?»

«ለደሜ!» ብሎ ጮኸ።

ኦሞድ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ታክሲ ጠራሁ፤ እትዬም ቅባታቸውን እንደያዙ ገቡ።

ሐኪሟ ሕመሙን ካስታገሰችለት በኋላ ቢዘገይ ኖሮ ሳንባው ላይ አደጋ ይመጣ እንደነበር ነገረችን። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ክብና ልስልስ ነው፤ በጠባቡ ሁሉ ተጣጥፎ ያልፋል። የኦሞድ ግን እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ይደርቃል፣ ይባስ ብሎ ይጣበቃል። የደም ሥሩን ግድግዳ ይይዝና አልለቅም ይላል። ከኋላ የሚመጣው እሱ ላይ ይከመራል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ኦክስጅን ያጣ አጥንት ሰውየውን ያስጮኸዋል።

እትዬ አስካለ በጥሞና ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ገባኝ። እንደ እናንተ ነዋ!»

የእኛን የሰፈሩን ሥራ ፈቶች ግንብ ማለታቸው ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ የተረፈው፣ ጠዋት ተደግፈነው ማታ የምንለቀው፣ አላፊ አግዳሚው በጎን የሚሾልክበት ግንብ። ሐኪሟ ሳቀች። ትምህርት ያቋረጥኩት ሳይንስ እንዳይሰድበኝ ነበር፤ ሐኪም ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

«ስለዚህ ብርድ አይደለም ማለት ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እትዬ እንዲሰሙ።

«ብርድም ይቀሰቅሰዋል» አለች ሐኪሟ። «ዝናብ እንዳይመታው፣ ውሃም በደንብ ይጠጣ።»

በቃ፣ አለቀልን። ማጭዱም ግድግዳውም እዚያው ቀርቶ ሰፈር የደረሰው ወሬ «ሐኪሟም ብርድ ነው አለች» የሚል ሆነ። እትዬ አስካለ «አላልኩም?» ሲሉ ሰነበቱ።

ኦሞድ ተሽሎት ወደ ሥራ ሲወጣ እኛ እንደተለመደው ግንባችን ላይ ነበርን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ልብስ ደርብ!» አልነው።

ቆም አለ። «ልብሱንስ ደርቤያለሁ። እናንተ ዞር በሉ፣ ልለፍበት።»

ዞር አልንለት። ካለፈ በኋላ ተመልሰን ግንባችንን ያዝን።