ክብርት የጆሮ ሚኒስትር

ምክር ስትለምነው ጥያቄህን መልሶ የሚያስታቅፍህ ዘመድ በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። እንደ እሱ ዓይነት ሰው የሚያንጨረጭረኝ የለም። የእኛ ቤት ድርሻ አክስቴ ናት፤ እኛ ያወጣንላት ስም ክብርት የጆሮ ሚኒስትር ነው።

ታላቅ እህቴ አንድ ቀን ከባሏ ተጣልታ እየተንሰቀሰቀች መጣች።

«አክስቴ፣ ልተወው?»

«ልተወው ወይ እያልሽ ነው።»

«አዎ፣ እያልኩ ነው!»

«ተናደሻል።»

«አሁንማ በአንቺ ነው!»

በሩን በላያችን ድርግም አድርጋው ወጣች። እናቴ በታናሽ እህቷ ላይ አፈጠጠችባትና «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው? ይሄንንማ በቀቀንም ይችለዋል» አለቻት። እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ምን እንደምታደርግ ራሷ ወሰነች። ምስጋናው ግን ለክብርትነታቸው አልደረሰም።

አክስቴ በአእምሮ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እሷ ስትቀጠር፣ እዚያ የሚገባ ሰው አንቱታውን በር ላይ አስረክቦ ነበር የሚገባው፤ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ሳይቀር «አንተ፣ ተነስ!» ይባላል። አክስቴ ሁሉንም «እርስዎ» ማለት ጀመረች። «በሽተኛ» የሚለውንም ትታ «ባለጉዳይ» አለች። ባልደረቦቿ በሳቅ ፈረሱ፤ «ባለጉዳይ ያለው ማዘጋጃ ቤት ነው!» ጠረጴዛዋን ከክፍሏ አስወጥታ ሁለት እኩል ወንበሮች ፊት ለፊት አስቀመጠች። እንዲህ የሚሠራ ሰው ከእሷ በፊት በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ሥራ አስኪያጁ ይህ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሆነ ቢጠይቋት፣ «ሰው የሚድንበት ነገር እሱው ውስጥ አለ፤ እኔ መንገድ አልዘጋበትም» አለቻቸው። እሳቸውም ለእሷ የሚሆን ባዶ አልጋ ሳያፈላልጉ አልቀሩም።

ከባለጉዳዮቿ አንዱ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ቃል ያልተነፈሰ ልብስ ሰፊ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተናገረ፣ ገብቶ የወጣ ወደሌለበት ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ። አክስቴ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዝም ሲል አብራው ዝም አለች። እንቅልፍ አጥታ እንደከረመች እኛ እናውቃለን።

ቀኑ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው መጡና «አንተ፣ ተነስ!» አሉ።

አክስቴ ወደ ልብስ ሰፊው ጎንበስ አለች። «እርስዎስ መሄድ ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም።»

ሁለቱ ጥበቃዎች ወደ በሩ አፈገፈጉ። ክብርትነታቸው ግን ልማድ ሆኖባቸው «አይፈልጉም ማለት ነው» አሉ።

«አልኩ እኮ!» ብሎ ጮኸባቸው። «አይሰሙም እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ደንግጠው «እሺ፣ እሺ፣ ይቀመጡ» አሉ። ልብስ ሰፊው ቀድሞም አልተነሱም ነበር። የትም አልተዛወሩም።

አክስቴ ቤት ገብታ ይህን ነገረችን። እናቴ ሰምታ ሳትጨርስ ደጅ ወጣችና «እህቴ አናገረችው!» እያለች ለሰፈሩ አዳረሰች። አክስቴ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች «እኔ አላናገርኳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት» ትላለች። ይኸው እስከ ዛሬም እንደዚያው ትላለች። እኛ ኮርተንባታል፤ እኔማ ስሟ በተነሳ ቁጥር «አክስቴ እኮ ናት!» ሳልል አላልፍም። በዚህች ነገር ብቻ አንሰማትም።